ግሊሰሪንና ውሃ በኒውትሮን፦ ማመልከቻውን ከመጻፍሽ በፊት

ጥያቄው፦ «የሦስተኛ ዲግሪ ትምህርቴን አውሮፓ ውስጥ ጀምሬያለሁ። ርዕሴ በግሊሰሪንና በውሃ ድብልቅ ውስጥ ሞለኪውሎቹ እንዴት እንደሚንቀሳቀሱ ማጥናት ነው። አማካሪዬ በኒውትሮን ስካተሪንግ (ኒውትሮኖችን ናሙና ላይ ልኮ አበታተናቸውን በመለካት) ሥሪው አሉኝ። እኔ ኒውትሮንን የማውቀው ለክሪስታል አወቃቀር ነው። ፈሳሽ ደግሞ ቋሚ አደራደር የለውም። ታዲያ ምን ይታየኛል? ኤክስሬይ ወይም ኤንኤምአር (የኒውክሌየሶችን መግነጢሳዊ ምላሽ የሚለካው ዘዴ) አይበቃኝም? የላብ ጓደኞቼ ደግሞ ውሃውን በከባድ ውሃ (ሃይድሮጂኑ በከባዱ አይሶቶፑ በዲዩተሪየም የተተካ ውሃ) ብትቀይሪው ግሊሰሪኑ ብቻውን ይታይሻል ይሉኛል። እውነት ነው? ናሙናውስ ራዲዮአክቲቭ አይሆንም? የትኛውን መሣሪያ ልጠይቅ?»

ጓደኞችሽ የነገሩሽ ግማሹ እውነት ነው። የቀረው ግማሽ ግን የሙከራ ቀኖችሽን ሊበላብሽ ይችላል። እሱ ላይ ሰፋ አድርጌ እመጣበታለሁ። መጀመሪያ የክሪስታሉን ነገር እንጨርስ።

ኒውትሮን ለክሪስታል ብቻ ነው የሚለው ሐሳብ ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው፤ ማስተማሪያ መጻሕፍት የሚጀምሩት ከዚያ ነው። ግን የ1994 (እ.ኤ.አ.) የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ለሁለት ሰዎች ነው የተሰጠው። አሜሪካዊው ክሊፎርድ ሸል አተሞች የት እንዳሉ የሚያሳየውን ዘዴ በማዳበሩ፣ ካናዳዊው በርትራም ብሮክሃውስ ደግሞ አተሞች እንዴት እንደሚንቀሳቀሱ የሚለካውን በማዳበሩ። ብሮክሃውስ ካናዳ ቾክ ሪቨር ላይ በነበረው ሪአክተር ሲሠራ፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ ከለካቸው ነገሮች አንዱ ውሃ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1954 ቤልጂየማዊው ሌኦን ቫን ሆቭ የንድፈ ሐሳቡን በር ከፍቶ ነበር። የተበተኑ ኒውትሮኖች በኢነርጂና በአቅጣጫ የሚያሳዩት ለውጥ፣ አተሞቹ በቦታና በጊዜ እንዴት እንደሚዛመዱ ይናገራል። ቋሚ አደራደር መኖሩ ግዴታ አይደለም። እንዲያውም የአንቺ ሥራ የሚጀምረው አደራደሩ ከሚፈርስበት ነው።

የሚሆነው እንዲህ ነው። ኢነርጂያቸው የታወቀ ኒውትሮኖች ናሙናው ላይ ይላካሉ። የተመታው አተም ከቦታው የማይነቃነቅ ከሆነ ኒውትሮኑ በመጣበት ኢነርጂ ይወጣል። ስፔክትረሙ ላይ ቀጭን መስመር ታያለሽ። አተሙ በፈሳሹ ውስጥ እየዞረ ከሆነ ግን ኒውትሮኑ ጥቂት ኢነርጂ ይሰጣል ወይም ይቀበላል። መስመሩ ግራና ቀኝ ይሰፋል። ኳዚኢላስቲክ የሚባለው ይህ መስፋት ነው። ስፋቱ የእንቅስቃሴውን ፍጥነት ይነግርሻል። ስፋቱ ከኪው ጋር እንዴት እንደሚለዋወጥ ደግሞ የእንቅስቃሴውን ዓይነት ይነግርሻል። ኪው የምንለው ኒውትሮኑ ሲበተን የለወጠውን ሞመንተም ነው። ኪው ትንሽ ሲሆን የምታዪው ረጅም ርቀት ነው፤ ትልቅ ሲሆን በአንድ ሞለኪውል ዙሪያ ያለውን ሠፈር ታያለሽ።

በቁጥር እንየው። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ የንጹህ ውሃ ዲፊውዥን (ሞለኪውሎቹ እየተንቀሳቀሱ የሚሰራጩበት መጠን) በፒኮሰከንድ 0.23 ስኩዌር አንግስትሮም ነው። ኪው በአንግስትሮም 1 በሆነበት ቦታ ይህ ወደ 0.15 ሚሊኤሌክትሮንቮልት ግማሽ ስፋት (ከመስመሩ መሃል ወደ አንድ ጎን የሚለካው) ያመጣል። የሞገድ ርዝመቱ 5 አንግስትሮም የሆነ ኒውትሮን ደግሞ ጠቅላላ ኢነርጂው 3.3 ሚሊኤሌክትሮንቮልት ብቻ ነው። ስለዚህ ለውጡ የኢነርጂውን 5 ከመቶ ያህላል። ይህን ለመለየት ተአምር አያስፈልግም። ኒውትሮኑ ቀርፋፋ ነው፤ በሰከንድ 790 ሜትር ገደማ ይሄዳል። 4 ሜትር ለመጓዝ 5 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። የደረሰበትን ሰዓት በመያዝ ብቻ ኢነርጂው ይታወቃል።

ኤክስሬይ ላይ ነገሩ ይከፋል። የሞገድ ርዝመቱ 1 አንግስትሮም የሆነ ፎቶን 12.4 ኪሎኤሌክትሮንቮልት አለው። ያንኑ 0.15 ሚሊኤሌክትሮንቮልት ለማየት ከ80 ሚሊዮን አንድ እጅ የሆነ ለውጥ መለየት ሊኖርብሽ ነው። ለፈሳሽ የሚያገለግሉት የተለመዱ የኤክስሬይ ስፔክትሮሜትሮች 1 ሚሊኤሌክትሮንቮልት አካባቢ ሲደርሱ ይቆማሉ። በዚያ ላይ ኤክስሬይ የሚያየው ኤሌክትሮንን ነው። አንድ ኤሌክትሮን ብቻ ያለውን ሃይድሮጂን አያየውም ማለት ይቀላል። ለፈሳሽ ድምፅ መሰል ሞገዶች ኤክስሬይ ጎበዝ ነው። ለአንቺ ጥያቄ ግን መሣሪያው እሱ አይደለም።

አሁን ወደ ሃይድሮጂን። አንድ ኒውክሌየስ ኒውትሮንን የመበተን አቅሙ በባርን ይለካል። የሃይድሮጂን 80 ባርን ሲሆን፣ ይህ ከሞላ ጎደል ኢንኮሂረንት የሚባለው ዓይነት ነው። ዲዩተሪየም ኢንኮሂረንቱ 2 ባርን፣ ኮሂረንቱ 5.6 ባርን ነው። ካርቦንና ኦክስጅን 5.6 እና 4.2 ባርን፣ ሁለቱም ኮሂረንት። ልዩነቱን ለመያዝ ጥምቀት ላይ ጃንሜዳ የሚወጣውን ሕዝብ አስቢ። አንድ ሰው መርጠሽ ከጠዋት እስከ ማታ የት የት እንደሄደ ብትከተዪ ኢንኮሂረንት ነው። ሕዝቡ እንደ ሕዝብ እንዴት እንደሚጠጋጋና እንደሚላላ ብታዪ ኮሂረንት ነው። ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ መልሳቸውም አንድ አይደለም። ከሃይድሮጂን የሚመጣው ምልክት የእያንዳንዱን ሞለኪውል የግል ጉዞ ይነግርሻል። በዲዩተሪየም የተሞላ ናሙና ግን የሞለኪውሎቹን የጋራ እንቅስቃሴ እያቀላቀለ ያመጣል።

እዚህ ላይ ነው ጓደኞችሽ የተሳሳቱት። ሐሳባቸው ቀላል ነው፦ ሃይድሮጂን ከዲዩተሪየም 40 እጥፍ ጎልቶ ስለሚታይ፣ ውሃውን ከባድ ካደረግሽው ይጠፋል፣ ግሊሰሪኑ ይቀራል። ችግሩ ምን መሰለሽ? ግሊሰሪን 8 ሃይድሮጂን አለው። 5ቱ ከካርቦን ጋር ተሳስረዋል፤ ቦታቸውን አይለቁም። 3ቱ ግን ከኦክስጅን ጋር ናቸው። እነዚህ ከውሃው ጋር ይለዋወጣሉ። ናሙናውን ቀላቅለሽ መሣሪያው ውስጥ እስክታስገቢ ልውውጡ አልቆ ያድራል። ከባድ ውሃሽ ከባድ ውሃ ሆኖ አይቆይም።

ምን ያህል እንደሚያበላሽ እናስላው። ለ1 ሞል ግሊሰሪን 2 ሞል ውሃ ወስደሻል እንበል። ሊለዋወጡ የሚችሉት ቦታዎች 7 ናቸው፤ 3 ከግሊሰሪኑ፣ 4 ከውሃው። ሱቅ ከሚሸጠው ተራ ግሊሰሪን የመጡት 3 ሃይድሮጂኖች በእነዚህ 7 ቦታዎች ላይ ይበተናሉ። ስለዚህ 1.7 ያህሉ ውሃው ላይ ያርፋል። ከጠቅላላው 8 ሃይድሮጂን 21 ከመቶው ከውሃ የሚመጣ ምልክት ሆነ ማለት ነው። አንቺ ግን ሁሉንም የግሊሰሪን ነው ብለሽ ትተረጉሚዋለሽ። ውሃው ደግሞ ፈጣኑ ወገን ነው። ስለዚህ ውጤትሽ ላይ «ግሊሰሪን ሁለት ዓይነት እንቅስቃሴ አለው፣ አንዱ ፈጣን» የሚል ድንቅ ግኝት ታገኛለሽ። ግኝቱ የቅልቅል ስህተት ነው።

መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። ተራውን ግሊሰሪን በከባድ ውሃ አሟሚው፣ ውሃውን በቫክዩም እንዲተን አድርጊ፣ ደግመሽ አሟሚው። ጥቂት ጊዜ ስትደጋግሚው 3ቱ የኦክስጅን ሃይድሮጂኖች በዲዩተሪየም ይተካሉ። ከዚያ ይህንን ግሊሰሪን ከንጹህ ከባድ ውሃ ጋር ትቀላቅያለሽ። አሁን የቀሩሽ ሃይድሮጂኖች ካርቦኖቹ ላይ ያሉት 5ቱ ብቻ ናቸው። ጉዟቸው የግሊሰሪኑ ጉዞ ነው። በዚህም ቢሆን አትታለዪ። በዚህ ናሙና ላይ ከሃይድሮጂን የሚመጣው ኢንኮሂረንት ምልክት የጠቅላላው 80 ከመቶ ገደማ ነው። የቀረው በአብዛኛው ኮሂረንት ነው፣ በተለይም ፈሳሹ የአደራደር ጫፍ በሚያሳይበት በአንግስትሮም 1.5 አካባቢ ይበረታል። ሁሉም ሃይድሮጂን የሆነው ድብልቅ ግን 94 ከመቶው ኢንኮሂረንት ነው። ስለዚህ ከባድ ውሃ መጨመር ሁልጊዜ ያጠራል የሚባለው ትክክል አይደለም። አንዱን ሲያጠራ ሌላ ያመጣብሻል።

በተቃራኒው ውሃውን ብቻ ማየት ብትፈልጊስ? ካርቦኖቹ ላይ ዲዩተሪየም የተተካለት ግሊሰሪን ከተራ ውሃ ጋር ትቀላቅያለሽ። ያኔም ቢሆን ከሚታዩት 7 ሃይድሮጂኖች የውሃው 4ቱ ብቻ ናቸው። 57 ከመቶ። የቀረው የግሊሰሪኑ ኦክስጅን ላይ ነው። ይህን ማምለጫ የለውም፤ ኬሚስትሪው ነው። ማድረግ የምትችይው ከመጀመሪያው ናሙና ያገኘሽውን የግሊሰሪን እንቅስቃሴ በሁለተኛው ውስጥ እንደታወቀ ነገር አስገብተሽ የውሃውን ማውጣት ነው። የኦክስጅኑ ሃይድሮጂን ከሞለኪውሉ አካል በተጨማሪ በራሱ ይዞራል። ስለዚህ ቅንሳው ግምት ያለበት እንደሆነ ጽሑፍሽ ውስጥ በግልጽ ይቀመጥ። ሌላም አለ። ከባድ ውሃ ራሱ ቀርፋፋ ነው። በ25 ዲግሪ ዲፊውዥኑ ከተራው ውሃ 19 ከመቶ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ የከባድ ውሃ ናሙናን ከተራ ውሃ ናሙና ጋር በአንድ ሙቀት አስቀምጠሽ ልዩነቱን ሁሉ ለሞለኪውሎቹ ጠባይ አትስጪው። ከፊሉ የአይሶቶፑ ነው።

ቀጣዩ የመሣሪያ ጉዳይ ነው። እዚህ ጥያቄሽ ከኋላ ወደ ፊት ነው የመጣው። መሣሪያ ከመምረጥሽ በፊት ሞለኪውሎችሽ በምን ያህል ጊዜ እንደሚንቀሳቀሱ ማወቅ አለብሽ። 1 ማይክሮኤሌክትሮንቮልት ስፋት ከ0.66 ናኖሰከንድ ጋር ይዛመዳል፤ 1 ሚሊኤሌክትሮንቮልት ከ0.66 ፒኮሰከንድ ጋር። እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ መስኮት አለው። እንቅስቃሴሽ ከመስኮቱ ከዘገየ ፈሳሹ ጠጣር ይመስልሻል። ከመስኮቱ ከፈጠነ ደግሞ ጠፍጣፋ መደብ ሆኖ ታይቶ ይጠፋል።

ንጹህ ግሊሰሪንን ውሰጂ። በ20 ዲግሪ ዝልግልግነቱ ከውሃ 1400 እጥፍ ገደማ ነው። የዲፊውዥን መጠኑ በክፍል ሙቀት ከውሃ 1000 እጥፍ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ውሃ ላይ 0.15 ሚሊኤሌክትሮንቮልት የነበረው ስፋት ግሊሰሪን ላይ 0.15 ማይክሮኤሌክትሮንቮልት አካባቢ ይሆናል። ግሬኖብል፣ ላወ-ላንዥቫን ተቋም ያለው አይኤን16ቢ የሚባለው የባክስካተሪንግ መሣሪያ (ኒውትሮኖቹን ከክሪስታል ወደ ኋላ በማንጸባረቅ በጣም ትንሽ የኢነርጂ ለውጥ የሚለይ) የመለየት አቅሙ 0.75 ማይክሮኤሌክትሮንቮልት ነው። ከምርጦቹ አንዱ ነው። ይህ ምርጥ መሣሪያም ግሊሰሪኑ ሳይሞቅ ጉዞውን በወጉ አያይልሽም። ልብ በዪ፣ የመሣሪያ አቅም አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው በሙሉ ስፋት ነው፤ ከላይ ያሰላሁልሽ ግን ግማሽ ስፋት ነው። ሁለቱን ማደባለቅ የተለመደ ስህተት ነው፤ ማመልከቻ ገምጋሚም ወዲያው ያየዋል።

ያንቺ ድብልቅ ግን ደህና ቦታ ላይ ነው። 1 ለ2 ያልሁሽ ድብልቅ በክብደት 72 ከመቶ ግሊሰሪን ነው። በ20 ዲግሪ ዝልግልግነቱ ከውሃ ከ20 እጥፍ በላይ ነው። ከዚህ ብቻ ተነስቼ ስገምት፣ ኪው በአንግስትሮም 1 ላይ የግሊሰሪኑ ግማሽ ስፋት 2 ማይክሮኤሌክትሮንቮልት ገደማ ይወጣል። የውሃው ከዚያ ይበልጣል። ይህ ለባክስካተሪንግ የተሰፋ ልክ ነው። ሙቀቱን ወደ 60 እና 70 ዲግሪ ስታወጪው ስፋቱ 10 ማይክሮኤሌክትሮንቮልት አካባቢ ይደርሳል። ያኔ እንግሊዝ አገር አይሲስ በሚባለው የኒውትሮን ማዕከል ያለው አይሪስ የተባለ መሣሪያ፣ አቅሙ 17.5 ማይክሮኤሌክትሮንቮልት፣ ማየት ይጀምራል። አሜሪካ ኦክ ሪጅ ያለው ቤሲስ በሁለቱ መካከል ነው፤ 3.5 ማይክሮኤሌክትሮንቮልት አካባቢ። እንደ አይኤን5 ያሉት የበረራ ጊዜ መሣሪያዎች (ኢነርጂውን ኒውትሮኑ ከደረሰበት ሰዓት የሚያውቁት) ለፒኮሰከንዱ ወገን ናቸው፤ ለንጹህ ውሃ፣ ለሞለኪውል ሽክርክሪት፣ ለፈጣን ንዝረት። ድብልቅሽ ሲቀዘቅዝ ምንም አያዩልሽም።

ስፒን ኤኮ የሚባለውን ሰው ይመክርሽ ይሆናል። ፌሬንስ ሜዜይ በ1972 ያመጣው፣ የኒውትሮኑን ስፒን (መግነጢሳዊ አቅጣጫውን) እንደ ሰዓት የሚጠቀም ዘዴ ነው፤ እስከ መቶዎች ናኖሰከንድ ይወርዳል። በጣም ይማርካል። ግን ከሃይድሮጂን የሚበተን ኒውትሮን ከ3 ሁለቱ ስፒኑ ይገለበጣል። ምልክትሽ ወደ ሲሶ ይወርዳል፣ መደቡም ከፍ ይላል። ስፒን ኤኮ የሚያዋጣው ሙሉ በሙሉ ዲዩተሪየም ለሆነ ናሙና፣ የጋራ እንቅስቃሴን ለማየት ነው። ይህ ሌላ ወረቀት ነው። አሁን አትግቢበት።

ኤንኤምአር አይበቃም ወይ ላልሽው፣ አይበቃም፤ ግን መጀመሪያ የሚሠራው እሱ ነው። በግሬዲየንት ኤንኤምአር የምታገኚው ዲፊውዥን ሞለኪውሉ በሚሊሰከንዶች ውስጥ ማይክሮሜትር ሲጓዝ ያለውን ነው። ያ የረጅም ጉዞ ድምር ነው። ሞለኪውሉ ከጎረቤቱ እንዴት እንዳመለጠ፣ ይዝለል ወይስ ይንሸራተት፣ አይነግርሽም። ይህን የሚነግረው ኒውትሮን ብቻ ነው፣ ምክንያቱም ጊዜንም ርቀትንም በአንድ ላይ በሞለኪውል ልክ ይለካል። ሆኖም ኤንኤምአር እዚያው ግቢሽ ውስጥ አለ፣ ርካሽ ነው፣ በአንድ ሳምንት ይጠናቀቃል። የኒውትሮን ስፋትሽ በትንሽ ኪው ላይ ከኤንኤምአሩ ዲፊውዥን ጋር ካልተገናኘ አንዱ ቦታ ስህተት አለ። ከዚህ የተሻለ መቆጣጠሪያ አላውቅም። የልውውጡ ጣጣ ግን እዚያም ይከተልሻል፤ የውሃውና የግሊሰሪኑ ኦክስጅን ሃይድሮጂኖች በአንድ ጫፍ ተደባልቀው ይታያሉ። የካርቦኖቹን ጫፍ ተመልከቺ። ሞለኪውሎቹ ለኤሌክትሪክ መስክ የሚሰጡትን ምላሽ የሚለካው ዳይኤሌክትሪክ ስፔክትሮስኮፒም ሰፊ የፍሪኩዌንሲ ክልል ስለሚሸፍን ጥሩ ጓደኛ ነው። የብርሃን ስካተሪንግ ግን ኪውው ከሞለኪውል ልክ በጣም ያነሰ ስለሆነ ለዚህ ጥያቄሽ አያገለግልም።

ናሙናው ቀጭን ይሁን። ይህን ሦስቴ ብናገረው አይበዛም። ሃይድሮጂን የበዛበት ፈሳሽ ወፈር ካለ ኒውትሮኑ አንድ ጊዜ ተበትኖ አይወጣም፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ይበተናል። ያኔ በትንሽ ኪው ላይ የሚታየው ስፋት ከትልልቅ ማዕዘኖች የመጣ ውሸት ነው። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ኪው ወደ ዜሮ ሲሄድ ስፋቱ ወደ ዜሮ አይሄድም። ይህንን አይተው ሰዎች የታሰረ ሞለኪውል አገኘን ብለው የሚያስቡበት ጊዜ አለ። ከሚመጡት ኒውትሮኖች 10 ከመቶው ብቻ ይበተን። ሁሉም ሃይድሮጂን ለሆነው ድብልቅ ይህ 0.2 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ነው። ከፊል ዲዩተሪየም ለሆነው የግሊሰሪን ናሙና 0.4 ሚሊሜትር ገደማ ድረስ መሄድ ትችያለሽ። ለቀዝቃዛ (ቀርፋፋ) ኒውትሮን የሃይድሮጂን የመበተን አቅም ከላይ ከሰጠሁሽ 80 ባርን ስለሚጨምር ከዚህ ቀነስ ማድረጉ ይሻላል እንጂ መጨመሩ አይመከርም። ናሙናው የሚቀመጥበት ቆርቆሮ ብዙውን ጊዜ አንዱ በሌላው ውስጥ የገባ ሁለት የአሉሚኒየም ሲሊንደር ነው፤ ፈሳሹ በመሃላቸው ባለው ክፍተት ይገባል። ዝልግልግ ፈሳሽ እዚያ ውስጥ አየር ይይዛል። አሞቂው፣ አየሩን አስወጪ፣ ከዚያ ሙዪ። ግሊሰሪን ከአየር ላይ እርጥበት ስለሚስብ ቅልቅሉን በናይትሮጅን ሳጥን ውስጥ ሥሪ። ከሙከራው በፊትና በኋላ ቆርቆሮውን መዝኚ፤ ሲሞቅ ውሃ ካመለጠ ክብደቱ ይነግርሻል።

መሣሪያው ራሱ መስመሩን ምን ያህል እንደሚያሰፋው ለማወቅ ብዙ ሰው ቫናዲየም የሚባለውን ጠጣር ብረት ይለካል። እኔ የምመርጠው ራሱን ናሙናውን በ10 ኬልቪን አካባቢ መለካት ነው። ቅርጹ ያው፣ ቆርቆሮው ያው፣ እንቅስቃሴው ግን ቆሟል። 72 ከመቶውን የመረጥኩልሽ በዚህም ምክንያት ነው። ከሁሉም በዝቅተኛው ሙቀት የሚረጋው ድብልቅ 67 ከመቶ አካባቢ ነው፤ የሚረጋው ከዜሮ በታች 46 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ከዚያ ብዙም ስላልራቅሽ ሲቀዘቅዝ በረዶ ተለይቶ የመውጣት ዕድሉ አነስተኛ ነው። ውሃ የበዛበት ድብልቅ ብትወስጂ በረዶውና ፈሳሹ ተለያይተው ቅዝቃዜው ላይ የምትለኪው ሌላ ነገር ይሆናል።

ትንተናው ላይ አንድ ልማድ አለ፤ ስፔክትረሙ ላይ ሎሬንዚያን (ደወል መሰል የመስመር ቅርጽ) ማስገባት፣ ካልገጠመ ሁለተኛ መጨመር፣ ካልገጠመ ሦስተኛ። በበቂ ሎሬንዚያን ማንኛውም ነገር ይገጥማል። የንጹህ ውሃ ሁለተኛ ሎሬንዚያን በእርግጥ የሞለኪውል ሽክርክሪት ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር እስካሁን አልተዘጋም። ዝልግልግ ፈሳሽ ላይ ደግሞ አንድ ንጹህ ሎሬንዚያን ትጠብቂ ዘንድ ምክንያት የለም። እንቅስቃሴው በአንድ ጊዜ መጠን የሚገለጽ አይደለም። የተለጠጠ ኤክስፖኔንሻል የሚባለውን (ብዙ የጊዜ መጠኖችን በአንድ ኩርባ የሚገልጸውን) ተጠቀሚ፣ ሁሉንም ኪው በአንድ ላይ አስገቢ፣ ነጻ የምትለቂያቸውን ቁጥሮች ቀንሺ። ስፋቱ በትንሽ ኪው ላይ ከኪው ስኩዌር ጋር ቀጥ ብሎ ከወጣ ያ ዲፊውዥን ነው። በትልቅ ኪው ላይ ከታጠፈና ከተኛ ሞለኪውሉ እየጠበቀ ይዘላል ማለት ነው፤ የተኛበት ከፍታ የጥበቃውን ጊዜ ይሰጣል። ለውሃ በክፍል ሙቀት ይህ 1 ፒኮሰከንድ አካባቢ ነው። ስፋቱን በአንድ ኪው ላይ ብቻ አንብበሽ በኪው ስኩዌር አካፍለሽ «ዲፊውዥን» ብለሽ አትጻፊ። ከተቻለሽ የሞለኪውላር ዳይናሚክስ ሲሙሌሽን ጎን ለጎን አስኪጂ። ኒውትሮን የሚያየውን ርቀትና ጊዜ ሲሙሌሽኑም ያያል፤ ከዚያም ውሃውንና ግሊሰሪኑን ያለ ዲዩተሪየም ይለይልሻል።

ስለ ራዲዮአክቲቭነት ስጋትሽ አጭር ነው። ካርቦን፣ ኦክስጅን፣ ሃይድሮጂንና ዲዩተሪየም በዚህ መጠን የሚያሳስብ ነገር አያመጡም። የአሉሚኒየሙ ቆርቆሮ ራዲዮአክቲቭ ይሆናል፤ ግማሽ ዕድሜው ግን 2.2 ደቂቃ ነው፤ ሻይ ጠጥተሽ እስክትመለሺ ያልቃል። የምትጠነቀቂው ጨው ብትጨምሪ ነው። በኒውትሮን ራዲዮአክቲቭ የሆነ ሶዲየም ግማሽ ዕድሜው 15 ሰዓት ነው፤ ናሙናሽ ለቀናት ሊቀመጥ ይችላል። ኮባልት ወይም ብር ያለበት ነገር ደግሞ ጨርሶ ሳታስታውቂ አታስገቢ። ያም ሆነ ይህ የጨረር ጥበቃ ሠራተኛው ሳይለካው ከአዳራሹ ምንም አታወጪም።

ቦታን በተመለከተ፣ ጊዜው የሚሰጠው በማመልከቻ ነው፤ በብዙዎቹ ማዕከላት በዓመት ሁለት ጊዜ። ውጤቱን ለማሳተም ከሆነ ክፍያ የለም። ዮርዳኖስ ያለው ሰሳሚ የሚባለው የምርምር ማዕከል ኤክስሬይ እንጂ ኒውትሮን አይሰጥም፤ ብዙ ሰው ይቀላቅለዋል። ደቡብ አፍሪካ ፔሊንዳባ ያለው ሳፋሪ 1 ሪአክተር የኒውትሮን ዲፍራክሽን መሣሪያዎች አሉት፤ ባክስካተሪንግ ግን የለውም። አውሮፓ ውስጥ ስላለሽ ግሬኖብል ቅርብሽ ነው።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። በዚህ ሴሚስተር ማመልከቻ አታስገቢ። መጀመሪያ ዝልግልግነቱንና የኤንኤምአር ዲፊውዥኑን ከዜሮ እስከ 80 ዲግሪ ለኪ። በዚያ ላይ ተመስርተሽ ስፋቱን በእያንዳንዱ ሙቀት አስዪና ሠንጠረዡን ማመልከቻው ላይ አስቀምጪ። ከዚያ አንድ የባክስካተሪንግ መሣሪያ ብቻ ጠይቂ፣ አንድ የቅልቅል መጠን ብቻ፣ 1 ለ2ቱን። ሁለት ናሙና ያዢ፦ ኦክስጅኑ ላይ ዲዩተሪየም የተተካለት ግሊሰሪን በከባድ ውሃ፣ እና ሁሉም ሃይድሮጂን የሆነውን። ካርቦኑ ላይ ዲዩተሪየም ያለበት ግሊሰሪን ውድ ነው፤ እሱን ለሁለተኛው ዙር አቆዪው፣ ወይም አይሲስ ያለውን የዲዩተሬሽን ላቦራቶሪ ጠይቂ። ሙከራውን በኢላስቲክ ስካን (ኢነርጂያቸውን ሳይለውጡ የሚወጡትን ኒውትሮኖች ብቻ በመቁጠር) ጀምሪ፤ ከ10 ኬልቪን ወደ ላይ እያሞቅሽ ምልክቱ የት መውደቅ እንደሚጀምር እዪ። ሙሉውን ስፔክትረም የምትለኪባቸውን አራት ወይም አምስት ሙቀቶች የምትመርጪው ከዚያ ነው። ባዶ ቆርቆሮውን የምትለኪበትን ሰዓት ከዕቅዱ አትርሺ፤ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ይቀርና ሳይለካ ይታለፋል።